የሰኞ ብርጭቆ

ጡረታ የወጡት ዳይሬክተር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይጠራጠሩ ያመኑበት አንድ ነገር ቢኖር፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ የሚደብቀው ጉድ አለው የሚለው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ሲመሩም ለዚህ እምነታቸው መሣሪያ አበጅተውለት ነበር። መሣሪያው አንድ ብርጭቆ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ደወል ከመደወሉ በፊት፣ የዕረፍት ቀኑን ከጠርሙስ ጋር አሳልፏል ብለው የጠረጠሩትን መምህር ወደ ቢሯቸው ያስጠሩና እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆ ውሃ ያስጨብጡታል። ከበሩ እስከ ጠረጴዛቸው ሰባት እርምጃ ነው። ውሃው ካልፈሰሰ መምህሩ ተመስግኖ ወደ ክፍሉ ይሄዳል፤ ከፈሰሰ ጠብታው ወለሉ ላይ ሳይደርቅ ማስጠንቀቂያው ይጻፋል። አድልዎ አለባቸው እንዳይባሉም አንድ ሕግ ጨምረውበታል፦ ፈታኙ አስቀድሞ ራሱን ይፈትናል። ስለዚህ ብርጭቆውን በመጀመሪያ እሳቸው ይዘው ሰባቱን እርምጃ ይራመዳሉ፤ ውሃውም እንደ መስተዋት ረግቶ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል።

ተማሪዎቹ «ውሃልክ» የሚል ቅጽል ያወጡላቸው በዚህ ነው፤ ግንበኛ የግድግዳውን መቃናት የሚያይበትን መሣሪያ ማለታቸው ነበር። ዳይሬክተሩ ስሙ የወጣው ለፌዝ መሆኑን ቢያውቁም ውስጥ ውስጡን ይወዱት ነበር። ለፌዝ ስም ሲፈለግለት እንኳ ከጠማማ ይልቅ ቀጥ ያለ ስም የሚወጣለት ሰው ስንት አለ?

በብርጭቆው ምክንያት ከሥራው የተሰናበተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ሦስት ሰኞ በተከታታይ አፈሰሰ። «ጌታዬ፣ እኔ አልጠጣም» ብሎ ነበር። ዳይሬክተሩ ግን የሚጠጣ ሁሉ የሚናገረው ይህንኑ መሆኑን አስታውሰው ፈረሙበት፤ ያን ጊዜ ፊርማቸው እንደ ታተመ ያህል ያማረ ነበር።

አሁን ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ሃያ አባወራ በሚኖርበት ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ፤ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። ምርጫው በተካሄደ ዕለት ሰዉ ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ ስለነበር የእሳቸው እጅ ብቻዋን ከፍ ብላ ታየች። ያን ጊዜ እጃቸው ገና የምትታይ እጅ ነበረች።

ቆሻሻ ያለ ቦታው የሚጥሉትን፣ ደረጃ ላይ የሚያጨሱትን፣ በዕረፍት ቀን ማለዳ ምስማር የሚመቱትን አንድ በአንድ ሥርዓት ካስያዙ በኋላ ዓይናቸው ዘበኛው ላይ አረፈ። ዘበኛው ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አሥራ አራት ዓመት በሩን ጠብቋል፤ መኖሪያውም ከበሩ ጎን ያለችው አንዲት ክፍል ናት፤ ሌላ ቤት የለውም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ነገረ ሥራው ተለወጠ። መኪና ጥሩምባ ነፍቶ በሩ እስኪከፈትለት ድረስ ሬዲዮው ዜናውን ጨርሶ ወደ ስፖርቱ ይሻገራል። እግሩን አያነሳም፣ ይጎትታል። ድሮ ገቢ ወጪውን በቀልድ የሚቀበል ሰው፣ ዛሬ ፊቱ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነው። ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ቀርቷል። ቁጭ ሲል ደግሞ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ብቻዋን ትሠራለች፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ የማይታይ ጥራጥሬ እንደሚፈትጉ ይተሻሻሉ። ነዋሪው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት አሳጥሮ «እንቁላል» ብሎ ሰይሞታል።

ዳይሬክተሩ ግን ነገሩ በቀልድ የሚታለፍ አልመሰላቸውም። ይጎተታል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ያልጎመጉማል። ሦስቱን ሲደምሯቸው ጠርሙስ ሆኑባቸው። ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ ሰውየው ከደጃፏ የማይጠፋ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን እንኳ መጠጥ ሸቶት እንደማያውቅ ብትመሰክርለት፣ የማይሸት መጠጥ መኖሩን ከሠላሳ አንድ ዓመት ልምዳቸው ጠቅሰው አስረዷት። እንዲያውም አለመሽተቱን እንደ ማስረጃ ያዙት፤ የማይሸት ጠጪ ከሚሸተው ይልቅ ተንኮለኛ ነውና።

እናም ሰባት ነጥብ ያለው ባለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ አረቀቁ። ሰባተኛው ነጥብ፣ ዘበኛው በመጪው ቅዳሜ በጠቅላላ ስብሰባው ፊት ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዞ ሰባት እርምጃ እንዲራመድ፣ ካፈሰሰም በሠላሳ ቀን ውስጥ በሩንም ክፍሉንም እንዲለቅ የሚጠይቅ ነበር። ይህንኑ ለኮሚቴው ጸሐፊ፣ ለጡረተኛው የከባድ መኪና ሾፌር፣ ደረጃ ላይ ሲያገኙት ነገሩት። ሾፌሩም በማግስቱ ማስታወቂያ አድርጎ ደረጃው ላይ ለጠፈው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በረቂቁና በንጹሑ ደብዳቤ መካከል ግን አንድ እንቅፋት ነበር። የዳይሬክተሩ እጅ አልጽፍ ብላለች።

ይህ ከዘበኛው ነገር ጋር ከቶ እንደማይገናኝ መቼም ግልጽ ነው። የእሳቸው ብርድ ነበር። ሙቀት ሲገባ ደግሞ ድካም ሆነ። ድካሙ በዕረፍት አልለቅ ሲል የብዕሩ መቅጠን ነው ተባለ፤ ወፍራም ብዕር ተገዝቶ ፊደሉ ባይሻሻል ጥፋቱ ወረቀቱ ላይ ተላከከ። ሰው ራሱን ሲመረምር የመከላከያ ምስክር አያጥርበትም። ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ትተው ሹራብ ለበሱ፤ ሹራብ ይመቸኛል አሉ። ሰው ቤት ሲሄዱ ሻይ ተዉ፤ እንቅልፍ ይነሳኛል አሉ። እቤታቸው ሻያቸው በግማሽ ስኒ መቅረብ ከጀመረም ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለቤታቸው ለምን በግማሽ እንደምትቀዳላቸው አልጠየቁም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። አርባ አራት ዓመት የዘለቀ ትዳር ብዙ ነገር ሳያወራ ይግባባል።

በዚያ ማክሰኞ ግን ዝምታው አበቃ። ባለቤታቸው ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጣች፣ ጽሕፈቷ ያማረ ሴት ናት። ዳይሬክተሩ ዓይኔ ደክሟል ብለው ረቂቁን እንድትገለብጥላቸው ጠየቋት። መነጽሯን አድርጋ የመጀመሪያውን ገጽ ወደ መስኮቱ አቀረበችው።

«ይኼ ጽሕፈት ነው ወይስ ዶሮ የጫረው?»

«ረቂቅ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ።

እስከ ሰባተኛው ነጥብ ድረስ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቶቹን አስተካክላ ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«የሰውን እጅ ልትከስ በማይታዘዝህ እጅ ጻፍክ» አለች። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል፣ እኔ ስለ ሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

ዳይሬክተሩ ብርዱን ሊያነሱ ሲሉ ቀደመቻቸው። ለሐሙስ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዛላቸዋለች። ሄደው እጃቸውን ካሳዩ፣ ደብዳቤውን ነጥብ ሳታጎድል ትገለብጥላቸዋለች። ካልሄዱ ግን ዶሮው የጀመረውን ዶሮው ይጨርሰው።

ሐሙስ ጠዋት ሄዱ። ተራ የሚጠበቀው በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር በተደረደረበት ረጅም ኮሪደር ውስጥ ነበር። ዳይሬክተሩ እንደ ልማዳቸው ተሰብሳቢውን ገመገሙ። አንገቱ ሳይፈልግ ወደ ጎን የሚዞርበት ሰው ቅናተኛ መሰላቸው። አገጯ የሚርገበገብባት ሴት ሐሜተኛ መሆን አለባት። ሌላው እግሩ አላርፍ ብሎት ይነሳል፣ ይቀመጣል፤ ትዕግሥት ያልተማረ። ጥግ ላይ ሁለት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ አለ፤ የእሱማ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሃያ ሦስት ሰው ቆጠሩ፤ አብዛኛው የእሳቸው እኩያ ነበር። ይህ ሁሉ ጸባየ ብልሹ በአንድ ጠዋት ከየት መጣ ብለው ተገረሙ። ሃያ አራተኛው እሳቸው መሆናቸውን ቆጠራው አላካተተም።

ከሃያ ሦስቱ አንዱ ዘበኛው ነበር። ንጹሕ ኮት ለብሶ፣ የታካሚ ካርዱን በግራ እጁ ይዞ ተቀምጧል። ሲያያቸው ለአክብሮት ሊነሳ ሞከረ፤ በሦስተኛው ሙከራ ተሳካለት። ዳይሬክተሩ «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» እያሉ በልባቸው ግን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት አሉ። ከቅዳሜ በፊት የሐሰት ማስረጃ ሊያጽፍ መጥቷል ማለት ነው። ማንም ሳይጠይቃቸውም ባለቤታቸው በግድ እንደላከቻቸው፣ የእሳቸው ነገር ተራ ብርድ እንደሆነ አስረዱት።

«እኔም ብርድ ነው እያልኩ ሁለት ክረምት ከርሜያለሁ፣ ጋሼ» አለ ዘበኛው።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። የዘበኛው ቀኝ እጅ ጉልበቱ ላይ ጥራጥሬዋን መፈተግ ጀመረች። የዳይሬክተሩ እጅ ደግሞ እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ ብላለች። አንዴ ያቺን፣ አንዴ ይቺን እያዩ ትንሽ ኮራ አሉ። ይህን ጊዜ ነርሷ የሚሞላ ቅጽና ብዕር ሰጠቻቸው። ብዕሩን ሲጨብጡ ሕፃኑ ነቃ። የብዕሩ ጫፍ በረዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ወረቀቱን ይደበድበው ጀመር፤ ወረቀቱም ከጉልበታቸው ተንሸራተተ። ከጎናቸው አንድ እጅ ተዘርግታ ያዘችላቸው። ያቺው ስትፈትግ የነበረችው እጅ ናት። ወረቀቱን ይዛ ንቅንቅ አላለችም።

«የኔዋ ሥራ ስትፈታ ነው የምታብደው፤ ሥራ ሲሰጧት ልብ ትገዛለች» አለ ዘበኛው እጁን እያየ። «የርስዎ ተገላቢጦሹ ነው መሰል።»

 ዘበኛው ፊቱ ሳይፈታ፣ በዚያ በተቀበረ ድምፁ ቀጠለ። ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ ነው ብለውታል። ከመጠጥ ጋር ዝምድና የለውም። ማስታወቂያውንም ደረጃው ላይ አንብቦታል። ብርጭቆው አያስፈራውም፤ የሚያስፈራው እግሩ ነው፤ አንዳንዴ መሬት ላይ ይጣበቅበታል።

«ታዲያ መታመምህን ለምን አትናገርም?» አሉ ዳይሬክተሩ፤ ሲናገሩ ድምፃቸው የክስ ድምፅ ነበር።

«የታመመ ዘበኛ ማን ያስቀምጣል፣ ጋሼ? ጠጪ ካሉኝ ሁለተኛ አይለምደኝም ብዬ እምላለሁ። መታመምን ግን እተዋለሁ ብሎ መማል አይቻልም። አደራዎን፣ ከአፍዎ እንዳይወጣ።»

ተራው ደርሶ ሲጠራ ተነስቶ ሄደ። የሐኪሟ ክፍል ደፍ ላይ ሲደርስ ግን እግሮቹ በምስማር እንደ ተመቱ ቀጥ አሉ። ዳይሬክተሩ ሊወድቅ ነው ብለው ብድግ አሉ። ነርሷ ግን ሳትደነግጥ ከጎኑ ቆማ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» እያለች ቆጠረችለት። እግሩ ተፈታ፤ ገባ።

ሐኪሟ ዕድሜዋ ከልጃቸው ዕድሜ የማይበልጥ ሴት ነበረች። የእሳቸው ተራ ሲደርስ እጃቸውን እንዲዘረጉ፣ አፍንጫቸውን ነክተው ጣቷን እንዲነኩ፣ ወረቀት ላይ ከመሐል ጀምሮ እየሰፋ የሚዞር መስመር እንዲስሉ አዘዘቻቸው። ቀንድ አውጣ ይሆናል ተብሎ የታሰበው ሥዕል ጃርት ሆኖ ወጣ። በመጨረሻ ከአንድ ኩባያ ወደ ሌላ ኩባያ ውሃ እንዲገለብጡ ሰጠቻቸው። ዳይሬክተሩ ኩባያውን እያዩ ዘገዩ። ሰባት እርምጃ ልራመድበት ወይ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ግማሹ ኩባያው ውስጥ ገባ፤ ግማሹ ሱሪያቸው ላይ።

«መጠጥ ትንሽ ሲቀምሱ መንቀጥቀጡ ቀለል ይልዎታል?» አለች ሐኪሟ እየጻፈች።

ዳይሬክተሩ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው መጠጥ የሚባል ነገር ከንፈራቸውን ነክቶ እንደማያውቅ፣ ይልቁንም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲዋጉት እንደኖሩ ሰፋ አድርገው አስረዱ። ሐኪሟ እስኪጨርሱ ታገሠች። ከዚያ ጥያቄው ክስ እንዳልነበረ ነገረቻቸው። የእሳቸው መንቀጥቀጥ እጅ ሥራ ስትጀምር የሚነሳ ዓይነት ነው፤ በብዙዎች ላይ ጥቂት መጠጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ያረጋጋዋል፤ እሷ የጠየቀችው ለመለየት ስለሚረዳት ነው እንጂ መድኃኒት ነው ብላ አታዝላቸውም። ዳይሬክተሩ ነገሩን ደጋግመው አሰቡት። እድሜ ልካቸውን ሲያሳድዱት የኖሩት ጠርሙስ፣ ለካ እጃቸውን የሚያቀናላቸው እሱ ነበር።

«ከቤተሰብ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበረ?»

«አባቴ» አሉ። «ግንበኛ ነበሩ። ይጠጡ ነበር።»

«ሲጠጡ ያዩዋቸው ነበር?»

ዳይሬክተሩ አዎን ለማለት አፋቸውን ከፍተው ቆዩ። አባታቸው ሾርባ ሲጠጡ ማንኪያውን በሁለት እጃቸው ሲይዙ አይተዋል። ሰፈሩ ጠጪው ግንበኛ ሲላቸው ሰምተዋል። በዚያ እፍረት በአሥራ ሁለት ዓመታቸው መጠጥ ላይቀምሱ ምለዋል፤ ከዚያም የሌሎችን እጅ ሲጠብቁ ኖረዋል። ጠርሙስ ግን አላዩም። አባታቸው የገነቡት ግድግዳም አንድ ቀን ጠሞ አያውቅም።

«አላየሁም» አሉ። ድምፃቸው የዘበኛውን ድምፅ መሰለ።

ሐኪሟ መድኃኒቱን ስትጽፍላቸው፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለው ነገር ከሚታሰበው በላይ ብዙ መሆኑን አጫወተቻቸው። በአንድ ከተማ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ሰዎች በዘፈቀደ ተመርጠው ቢመረመሩ፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ አንድ ዓይነት የእንቅስቃሴ ሕመም ተገኝቶበታል። አንዱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ይጎተታል፣ የሌላው እግር አላርፍ ይላል። ብዙዎቹ እስከዚያች ቀን ሐኪም አላያቸውም ነበር። ዕድሜ ነው፣ ብርድ ነው እያሉ ይደብቁታል አለች። ዳይሬክተሩ ብርድ የምትለውን ቃል ሲሰሙ ጫማቸውን አዩ።

ሲወጡ ያንኑ ኮሪደር አቋርጠው ሄዱ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እንደ ነበሩ ናቸው፤ ቅናተኛ፣ ሐሜተኛና ትዕግሥተ ቢስ ግን ከመካከላቸው ማግኘት አልቻሉም። መንገድ ላይ ደግሞ የሒሳብ መምህሩ ትዝ አላቸው። ሲሰናበት ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ባለቤታቸው ቃሏን ጠብቃ የዚያኑ ዕለት ወረቀቷንና ብዕሯን አቀረበች። ዳይሬክተሩ ትንሽ ይቆይ አሉ። እሷም ብዕሯን ከደነች።

ነገር ግን ማስታወቂያው ተለጥፏል፤ ሰዉም ተጠራርቷል። ዳይሬክተሩ ዓርብን ሙሉ መውጫ ሲፈልጉ ዋሉ። ቅዳሜ ጠዋት መውጫውን ያገኙት መጽሐፍ መደርደሪያቸው ላይ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አማቻቸው ያመጣላቸው ጠርሙስ እዚያ አለ። መመለሱ ነውር፣ መጠጣቱ ኃጢአት ስለሆነባቸው፣ ስለ ግብረ ገብ የተጻፉ መጽሐፎቻቸው እንዳይወድቁ ደገፍ አድርገውበት ኖሯል። አሁን ፊቱ ቆመው ሒሳብ ሠሩ። አንድ ጉንጭ ብቻ። ለአንድ ሰዓት የረጋ እጅ። ብርጭቆውን እንደ ጥንቱ ይዘው ይራመዳሉ፤ ከዚያ በሰብሳቢነት ክብራቸው ዘበኛውን ይምሩታል፤ ዘበኛው ከነክፍሉ ይተርፋል፤ ውሃልክም ውሃልክ ሆኖ ይኖራል። የሚጎዳ የለም። የጠርሙሱን አንገት ጨበጡ።

«መጽሐፎቹ ይወድቃሉ» አለች ባለቤታቸው ከኋላቸው።

ለቀቁት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ስለ መጠጥ ሊፈርዱ ጠጥተው ሊወርዱ ነበር።

ስብሰባው የተካሄደው ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ነው። ሠላሳ ያህል ሰው መጥቷል፤ ለአጥር ቀለም በተጠራው ስብሰባ ግን ስድስት ሰው ብቻ ነበር የተገኘው። ዘበኛው በሩ አጠገብ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እጁ ሥራዋን ይዛለች።

ዳይሬክተሩ ተነስተው ደብዳቤውን መሳባቸውን፣ በቂ ማስረጃ አለመኖሩን በአጭሩ ተናገሩ። አደራውን ለመጠበቅ ሲሉ ከዚያ በላይ ሊሉ አልቻሉም። ሾፌሩ ግን አልለቀቃቸውም። በሩ ላይ መኪናውን አቁሞ እየጠበቀ ያረጀው እሱ ነው፤ ሰኞ ማስረጃ የነበረው ነገር ቅዳሜ በምን ተነነ? ሰባተኛው ነጥብ ተለጥፎ ሰንብቷል፤ ሰብሳቢው ቢያዝኑለትም ብርጭቆው ይፍረድ። ብዙ ሰው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሾፌሩ ከቤቱ ያመጣውን ትልቅ ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልቶ ወደ ዘበኛው ሲሄድ ዳይሬክተሩ እጃቸውን ዘረጉ።

«ፈታኙ አስቀድሞ ራሱን ይፈትናል» አሉ። «ሕጉ የኔ ነው።»

በሩ ድረስ ሄደው ዞሩ። በመጀመሪያው እርምጃ ውሃው ጠርዙን ላሰ። በሁለተኛው ተሻገረ። በሦስተኛው እጅጌያቸው ውስጥ ገባ። አንድ ሰው ከጥግ ሳቀ፤ የሚያጅበው ሲያጣ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። አምስተኛው ላይ ቢያቆሙ የሚከለክላቸው አልነበረም፤ ሕጉ ግን ሰባት ይላል፤ ሰባት ሄዱ። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ከግማሽ በታች ነበር። ወለሉ ላይ የቀረው መስመር ሐኪሟ ክፍል የሳሉትን ጃርት ይመስላል።

ዳይሬክተሩ መሐረባቸውን አውጥተው እጃቸውን አደረቁ።

«በመለኪያዬ መሠረት ሰክሬያለሁ» አሉ። «ነጥብ አንድ፣ ይንቀጠቀጣል። ነጥብ ሁለት፣ ሰው ፊት ሻይ አይጠጣም። ነጥብ ሦስት፣ ሲጠይቁት ብርድ ነው ይላል። ሐሙስ ተመርምሬ ሕመም ነው ብለውኛል፤ አባቴም ነበረባቸው፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስካር ብዬ ስፈርድበት ኖርኩ። እንግዲህ ወይ እኔ በሠላሳ ቀን ቤቱን ልልቀቅ፣ ወይ ይህ መለኪያ ይጣል።»



«እርስዎን ካስወጣን ማን ይቆጣናል፣ ጋሼ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። አሁን የሳቁት ብዙዎች ነበሩ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሏቸው ነበር። ዘበኛው ግን ተነሳ፤ በሁለተኛው ሙከራ። «እኔም ተራዬን ልሂድ» አለ። «ሳልፈተን አለፈ መባል አልወድም።» ሾፌሩ እንደ ገና ሞልቶ ሰጠው። ብርጭቆው ቀኝ እጁ ውስጥ ሲገባ ጣቶቹ ጥራጥሬያቸውን ጥለው ጨበጡት። ውሃው እንደ መስተዋት ረጋ፤ ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየው። ዘበኛው ግን አልተንቀሳቀሰም። እግሮቹ ከደፉ ላይ ተጣብቀዋል። ፊቱ ምንም አይልም፤ ግንባሩ ላይ ግን ላብ ችፍ አለ። ሰዉ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ።

ዳይሬክተሩ ሄደው ከጎኑ ቆሙ። ስምንት መቶ ተማሪ በሰልፍ ሲያስገቡበት በኖሩት፣ ከጡረታ በኋላ ሰው ከመቆጣት በስተቀር ሥራ ባጡለት ድምፅ «አንድ!» አሉ። የዘበኛው እግር ተነሳ። «ሁለት!» ሌላው ተከተለ። ሰባት ሲሉ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንዲት ጠብታ አልወደቀችም።

«ይቀመጡ» አሉ ዳይሬክተሩ ወንበር እየሳቡለት። «ያለፉት እርስዎ ነዎት።» ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንተ ሲሉት ኖረዋል።

ዘበኛው ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የበሽታውን ስም ለጉባኤው ተናገረ። እጁ ሥራ ከተሰጣት እንደምትታዘዝ ሁሉም አይቷል፤ የሚለምነው እግሩን እንዲታገሡት ብቻ ነው። ክርክሩ ረጅም አልነበረም። ዘበኛው ከነሥራው፣ ከነክፍሉ እንዲቆይ፣ የበሩ ከባድ መወርወሪያም በቀላሉ በሚገፋ እንዲለወጥ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን ሾፌሩ ጻፈው፤ ዳይሬክተሩ ፈረሙበት። ፊርማቸው የማንም ሊሆን የሚችል ነበር።

ሰዉ ሲበተን ሾፌሩ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ ግራና ቀኝ አይቶ፣ ያቺ ሐኪም የት እንደምትገኝ ጠየቃቸው። ለራሱ አይደለም፤ አንድ ወዳጁ አለ፤ ሲተኛ እግሩ አላርፍ እያለው ሚስቱ አልጋ ለይታበታለች። ዳይሬክተሩ አድራሻውን ነገሩት። ወዳጅህ ብርድ ነው ይላል ወይ ብለው ጠየቁት። ሾፌሩ አዎን፣ እንዲያ ይላል አለ። ደረጃውን ሲወጡ ዳይሬክተሩ በልባቸው ቆጠሩ። ከተሰብሳቢው ሃምሳ የሞላቸው አሥራ ሁለት ነበሩ። እሳቸው፣ ዘበኛው፣ የሾፌሩ ወዳጅ፤ ሦስት። ሐኪሟ አልዋሸችም።

እቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ሻይ አቀረበች፤ እንደ ልማዷ በግማሽ። ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር ስለሌለ እስከ አፉ እንድትሞላላቸው ጠየቋት።

«ለእውነት ብለህ ምንጣፌን አታበላሽ» አለች።

በማግስቱ ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው ተቀመጡ። የሒሳብ መምህሩ ሌላ ከተማ፣ ልጁ ዘንድ እንደሚኖር ሰምተዋል። አሥራ አንድ መስመር ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀባቸው። በአራተኛው ቀን ባለቤታቸው ከትከሻቸው በላይ አየችው፤ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

«ልገልብጥልህ?» አለች። «እንዲህ ሆኖ ማን ያነበዋል?»

«እሱ ያነበዋል» አሉ ዳይሬክተሩ። «የሱም ጽሕፈት እንዲህ ነበር።»